የሰፈራችን መብራትና የአባታችን ዛፍ

በቤታችን መብራት ደብዘዝ ባለ ጊዜ ሁሉ የሚነገር አንድ የታወቀ ቃል አለ፤ ይኸውም «እንጀራ ተጣደ» የሚለው ነው። ማን እንደ ጣደ አይጠየቅም። ከእኛ ጓዳ ያልሆነ እንደ ሆነ ከጎረቤት ጓዳ ነው፤ ከዚያም ያልሆነ እንደ ሆነ ከመንገዱ ማዶ ነው። በሳሎናችን ያለው የዱሮው ዐይነት አምፖል እንደ ኩራዝ ይቀላል፤ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ሥሩ ይጠጋሉ፤ እናታችንም ዐይናቸውን ከያዙት ሥራ ሳያነሡ ያችን ቃል ይናገራሉ። በዚህ ለብዙ ዓመታት ስንስቅ ኖረናል። የምንስቅበትን ነገር ምክንያቱን ሳንመረምር በመኖራችን በኋላ ያገኘንን ኀፍረት ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን፤ በሌላም ሰፈር እንዲሁ ያለ ምሰሶና እንዲሁ ያለ ዛፍ አይታጣምና።

የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ በኩል፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚያወጣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ 80 ያህል ቤቶች አሉ። አባታችን ቤቱን በ1964 ዓ.ም. ሲሠሩ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በመንገዱ የተተከለው በዚያው ዓመት እንደ ነበረ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ምሰሶው ቅጥራን የጠጣ ባሕር ዛፍ ነበረ። በዚያው ክረምት አባታችን ከአጥሩ ጥግ አንዲት የግራቪሊያ ችግኝ ተከሉ። እንግዲህ ምሰሶውና ዛፉ እኩዮች ነበሩ ማለት ነው፤ ነገር ግን አንደኛው በየዓመቱ ሲያድግ ሁለተኛው በየዓመቱ ያረጅ ነበር፤ ቅርንጫፉም ሽቦዎቹን ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ከዚያ ክረምት በፊት ሠራተኞች ሁለት ጊዜ መጥተው ቅርንጫፉ ይቈረጥ ዘንድ ጠይቀውናል። እናታችን «የሟች እጅ ያረፈበት ነው፤ እኔ እስካለሁ መጥረቢያ አያርፍበትም» ብለው እንቢ አሉ። እኛም ልጆቻቸው ሐሳባቸውን ለማስለወጥ አንድ ቃል አልተናገርንም። ሠራተኞቹን ቡና አፍልተን፣ ቈሎ አቅርበን፣ በክብር ሸኘናቸው። ይህን ስናደርግ ለአባታችን መታሰቢያ የተቈረቈርን መስሎን ነበር።

መብራት በጠፋ ቍጥር ምክንያቱን ወደ ሩቅ መላክ ልማዳችን ነበር። ግድቡ ውኃ ጐደለው፣ ተርባይኑ ቆመ፣ ኀይሉ ለጎረቤት አገር ተሸጠ እንል ነበር። ይህ ፈጽሞ ከንቱ ወሬ አልነበረም፤ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር በግድብ ውኃ ማነስ ምክንያት መብራት በፈረቃ የታደልንበትን ጊዜ ማንም አይረሳውም። ስለዚህ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ በሰፈራችን የተሰማው ደስታ ድርብ ነበር። የግድቡ ጕልበት 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ሰማን። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሒሳቡን በጣታቸው ቈጥረው «የቆቃን 120 ዕጥፍ ያህል ነው» አሉን። «እንግዲህ መብራት አይጠፋም» ተባባልን።

መብራቱ የጠፋው በዚያችው ዕለት ማታ ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው ጳጉሜን 4 ቀን ለዐውደ ዓመት እንጀራ የሚጋገርበት ጊዜ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በየጓዳው ምጣድ በተጣደበት ሰዓት፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ከግራቪሊያው ላይ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በሽቦዎቹ ላይ ወደቀ፤ ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። በሳሎናችን ያለው አምፖል ከወትሮው ይልቅ ደበዘዘ። እናታችን እንደ ልማዳቸው «እንጀራ ተጣደ» አሉ። ይህን ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ ከማዶ ባሉት ቤቶች መስኮት ብርሃኑ ከልክ በላይ ደመቀ፤ ጥቂት ቆይቶም ጩኸት ተሰማ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም መጣ። ሮጠን ስንወጣ ቅርንጫፋችን በመንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ የተበጠሰው ሽቦ በጭቃው ውስጥ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ሽቦውን ማንም ሳይነካው መቅረቱን እስከ ዛሬ እንደ ታላቅ ቸርነት እንቈጥረዋለን።

በዚያች ሌሊት የሰባት ቤት ዕቃ ተቃጠለ። ከሁሉ ይልቅ የተጐዱት ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ባልቴት ናቸው። ልጁ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆነ ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋል፤ መድኃኒቱም የሚቀመጠው በተቃጠለው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ሣጥን ይዘው ወደ ደጃችን መጡ። በመንገዱ የተጋደመውን ቅርንጫፍ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተሻገሩት። ስለ ቅርንጫፉ አንድ ቃል አልተናገሩም። «የእናንተ ፍሪጅ ደኅና ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ይህችን የልጁን መድኃኒት አኑሩልኝ» ብቻ አሉ።

ነገር ግን ሌሊቱን ሠራተኞች መጥተው መስመሩን ለደኅንነት ስላቋረጡት የእኛም ፍሪጅ ባዶ ሣጥን ነበር። ወደ መድኃኒት ቤት ሄደን ስንጠይቅ፣ ተከፍቶ የተጀመረው ኢንሱሊን ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ውስጥ ለ4 ሳምንት ያህል ሊቈይ እንደሚችል፣ ያልተከፈተው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መኖር እንዳለበት ነገሩን። የአዲስ አበባ ጳጉሜን ብርድ በዚያን ቀን ጠቀመን። የተጀመረውን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ገንቦ ውስጥ አኖሩት፤ ያልተከፈተውን እኛ በአራት ኪሎ በኩል ወደሚኖሩ ዘመዶቻችን ወስደን አስቀመጥነው። ለዐውደ ዓመት የታዘዘባቸው የ200 እንጀራ ሊጥ ግን ተራ መጠበቅ አይችልም። ባልቴቷ በግቢያቸው ላስቲክ ወጥረው፣ እርጥብ እንጨት አንድደው፣ በጭሱ እየተጨናበሱ ጋገሩት። የቻሉትን ያህል ሸጡ፤ የቀረው ሆመጠጠ።

መብራቱ የተመለሰው መስከረም 2 ቀን ነው። በማግሥቱ በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ፈጽመው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጠርተን ነገሩን ያስረዱን ዘንድ ለመንናቸው። እርሳቸውም «በወንበር ላይ ተቀምጦ አይታወቅም፤ ተነሡ» ብለው ከትራንስፎርመሩ ጀምረው እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ በእግር አዞሩን። የዚያች ቀን ትምህርት ለሌላው ቤተ ሰብም ይጠቅማል ብለን ስለምናምን ጥቂት እንዘርዝረው።

ትራንስፎርመሩ ከመንገዱ ታችኛ ጫፍ ነበረ። 15,000 ቮልት ሆኖ የሚመጣውን ኀይል ለቤት ወደሚስማማው 220 ቮልት ያወርደዋል። መጠኑ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። «አንድ የእንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል፤ ሒሳቡን ሥሩት» አሉን። ሠራነው፤ 50 ምጣድ ሆነ። በመንገዳችን 80 ቤት አለ፤ ምጣድ የሌለው ቤት የለም፤ ለዐውደ ዓመት ዋዜማ የማይጥድ ቤትም የለም። መስመሩ ሲዘረጋ ግን በየቤቱ የነበረው ሁለትና ሦስት አምፖል፣ አንድ ራዲዮ፣ ቢበዛ አንድ ካውያ ነበረ። ዛሬ ፍሪጁ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የልብስ ማጠቢያው ተጨመረ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁለት ጎረቤቶቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተዋል። የአንዱ መሙያ 7 ኪሎ ዋት ነው፤ ሁለት ምጣድ ሊያክል ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

ትራንስፎርመሩ ከዐቅሙ በላይ ሲጫን ወዲያው አይሞትም። በውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል በወረቀት ተሸፍኖ በዘይት ውስጥ ይኖራል፤ ሙቀቱ ከተወሰነለት በላይ በ6 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የዚያ ወረቀት ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። «ዛሬ የጋገራችሁበትን የሚከፍለው የነገ ዓመት ነው» አሉ አዛውንቱ።

በጣም የገረመን ግን የሽቦው ነገር ነው። ሽቦ እንደ ውኃ ቧንቧ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ በቀጭን ሽቦ ብዙ ኀይል ሲያልፍ ምን ያህል በመንገድ እንደሚቀር ግን አናውቅም ነበር። የሚያልፈው በዕጥፍ ሲጨምር በሙቀት የሚባክነው አራት ዕጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ በ220 ቮልት የወጣው ከመንገዱ ላይኛ ጫፍ ሲደርስ፣ አዛውንቱ ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ በራሳቸው መለኪያ እንዳዩት፣ 165 ቮልት ሆኖ ነበር። በ165 ቮልት ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ሩብ ብቻ የጐደለ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚሰጠው ከሙሉው ሙቀት 56 በመቶውን ብቻ ነው። ላይኛው ሰፈር ያሉ ሴቶች «የዘንድሮ ጤፍ ዐይን አያወጣም» እያሉ ነጋዴውን ሲያሙ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጤፉ ምንም አላደረገም። ምጣዱ ሳይግል ሊጡ ይፈስሳል፤ እንጀራውም ድፍን ሆኖ ይቀራል። ምጣዱ ስላልጋለም በአንድ ሰዓት የሚያልቀው መጋገር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህም የተነሣ ተራ በተራ ሊያልፉ የሚችሉ ምጣዶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ችግሩ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው።

ሦስተኛውን ነገር አዛውንቱ ያሳዩን አንገታችንን ወደ ላይ አስቀንተው ነው። ቤቶቹ የሚቀጠሉባቸው ሦስት የኀይል ሽቦዎች ሲሆኑ አራተኛው ኒውትራል የሚባለው መመለሻ ነው። ቤቶቹ በሦስቱ ላይ እኩል መከፈል ነበረባቸው። ቈጠርናቸው፤ በአንደኛው ሽቦ 41 ቤት፣ በሁለተኛው 22፣ በሦስተኛው 17 ተንጠልጥለው ነበር። አዲስ ቤት በተሠራ ቍጥር ለመሰላሉ የቀረበው ሽቦ ይመረጥ ነበርና። ቅርንጫፋችን የበጠሰው ደግሞ ያንን አራተኛውን ሽቦ ነው። መመለሻው ሲበጠስ፣ ብዙ ጭነት ባለበት ወገን ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ጭነት በቀለለበት ወገን ግን ከ220 አልፎ ወደ 380 ይወጣል። እኛ ያለነው 41 ቤት ባለበት ወገን ስለ ነበር መብራታችን ደበዘዘ እንጂ ዕቃችን አልተቃጠለም። ባልቴቷ 17 ቤት ባለበት ወገን ነበሩ።

ይህን ሲነግሩን በግራቪሊያው ጥላ ሥር ቆመን ነበር። አዛውንቱ ወደ ዛፉ ቀና ብለው አዩና ነገሩን ወደ ምሰሶው መለሱት። በኪስ ቢላዋቸው ምሰሶውን ከመሬት ጋራ በሚገናኝበት ቦታ ሲወጉት ቢላዋው እንደ ቅቤ ገባ። እንጨት ከላይ ደኅና መስሎ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በዚያ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ምሰሶው የቆመው በሽቦዎቹ ተይዞ እንጂ በራሱ ሥር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዕድራችን ስብሰባ ጠራ። የቤቶቹ ዝርዝር በደብተር ተጻፈ፤ ማመልከቻም ተዘጋጀና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ገባ። ባለሙያዎቹ መጥተው አይተው፣ የእንጨቱ ምሰሶ በኮንክሪት እንዲተካ፣ ራቁቱን የነበረው ሽቦ በተሸፈነ ገመድ እንዲለወጥ፣ ትራንስፎርመሩም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር እንዲሆንና ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ወደ መንገዱ መካከል እንዲመጣ ሐሳብ አቀረቡ። ከመካከል ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ወገን የሚያልፈው ኀይል በግማሽ፣ ርቀቱም በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በመንገድ የሚወድቀው ቮልቴጅ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ተቀበለ። ጠቡ የተነሣው «መካከል የማን ደጅ ነው?» በተባለ ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር በደጁ እንዲያንጐራጕር የሚወድ ሰው የለም። አንዱ በሩ ይጠባል አለ፤ ሌላው ሱቁን ይሸፍንብኛል አለ፤ አንድ ወንድማችንም ከሰው ቍጥር ተነሥቶ መካከል የሚባለው ቦታ ወደ ላይ መሆኑን በረዥሙ አስረዳ። እኛ ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር። መካከሉ የአባታችን ዛፍ ያለበት ጥግ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልተናገረም።

የእናታችንን ልብ የመለሰው ክርክር አይደለም። በአንድ ቅዳሜ ማለዳ መብራቱ እንደ ገና ጠፍቶ ባልቴቷ በእንጨት ሲጋግሩ ለመጠየቅ ሄዱ። አንድ ሰዓት ያህል ቈይተው ሲመለሱ ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ዐይናቸውም ቀልቶ ነበር። ነጠላውን አውልቀው ሰቀሉና «መጥረቢያ የሚይዝ ሰው ፈልጉ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዛፉ በወደቀ ዕለት ግን ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው ዋሉ።

የተቃጠለውን ፍሪጅ ልናሠራላቸው ብንጠይቅ ባልቴቷ በመጀመሪያ እንቢ አሉ። በመጨረሻ ገንዘቡን በየሳምንቱ አምስት አምስት እንጀራ አድርገው ሊመልሱ ተስማሙ። የእኛ ዕዳ ሆኖ ሳለ ከእርሳቸው እንጀራ መቀበላችን ልክ አለመሆኑን ብንናገር እናታችን ዝም አሰኙን፤ «ክብራቸውን ተዉላቸው» ብለው።

ሥራው እስኪጀመር ድረስ ባሉት ወራት ሴቶቹ በራሳቸው ምክር ያደረጉትን ሳንጠቅስ አናልፍም። በደብተሩ የተጻፈውን የሽቦ አከፋፈል ተከትለው የመጋገሪያ ተራ አወጡ፤ ከየሽቦው ጥቂት ጥቂት ቤት በሰኞና በኀሙስ፣ ሌሎቹ በማክሰኞና በዓርብ፣ የቀሩት በረቡዕና በቅዳሜ እንዲጋግሩ ሆነ። ባለ መኪናዎቹም ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት እንዳይሞሉ ተለመኑ። አንድ ብር ሳይወጣበት ላይኛው ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ከ200 በታች መውረዱን አቆመ። እንጀራውም ዐይን አወጣ። አዛውንቱ መለኪያቸውን ይዘው እየሣቁ «እኔ 30 ዓመት በመሰላል ላይ ስወጣ ይህን ማን አሰበ?» አሉ።

በኅዳር ወር ሠራተኞቹ መጡ። የኮንክሪቱ ምሰሶ በክሬን ሲነሣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት የቀረ እስኪመስል ተሰበሰበ። በዋና ዋናዎቹ ጐዳናዎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ገመዱ ከመሬት በታች ሲቀበር አይተን ነበርና «የእኛም ለምን አይቀበርም?» ያሉ ነበሩ፤ በጠባቡ መንገዳችን ግን የውኃው፣ የፍሳሹና የስልኩ መስመር ቦታውን አስቀድሞ ይዞታል። አዲሱ ገመድ አራቱ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው በጥቁር ሽፋን ተለብጠው አንድ ላይ የተገመዱ ስለ ሆኑ ቅርንጫፍ ቢነካው እንደ ቀድሞው አይበልጭም። ከእያንዳንዱ ቤት የሚመጣውም ገመድ በእጅ ተጠምዝዞ የሚታሰርበት ነገር ቀርቶ በማያያዣ ተጠበቀ፤ መዳብና አሉሚኒየም ያለ ማያያዣ በእርጥበት ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይበላላሉና። ቤቶቹ 27፣ 27ና 26 ሆነው ተከፈሉ። ሥራው በነበረበት ዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ ስድስቱን ቀን ያለ መብራት ዋልን፤ ያጕረመረመም አልጠፋም።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ፣ የተራው ደብተር ተዘግቶ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ጣደ። እኛ በሳሎን ተቀምጠን አምፖሉን እንጠብቅ ነበር። 1 ሰዓት ሆነ፤ 2 ሰዓት ሆነ፤ ብርሃኑ እንዳለ ነው። እናታችን ሽንኵርት ከሚልጡበት ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። «የሰፈሩ ሰው ምን ነካው? ለገና አይጋግርም እንዴ?» አሉ። ከልጆቹ አንዱ መስኮቱን ከፈተላቸው፤ የእንጀራው ሽታ ከየጓዳው ገባ፤ ከጉቶው በላይ የሚያንጐራጕረው የትራንስፎርመሩ ድምፅም አብሮ ገባ። እናታችን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ዝጋው፤ ይበርዳል» አሉ።

በበዓሉ በሦስተኛው ቀን ከታችኛው መንገድ የዕድር ጸሓፊ መጥተው የቤቶቹን አከፋፈል የጻፍንበትን ደብተር ለመገልበጥ ወሰዱ። በእነርሱም መንገድ ምሰሶው የእንጨት ነው፤ እንጀራቸውም ዐይን አያወጣም። በመስመራቸው ላይ ዛፍ እንዳለ ጠየቅናቸው። «አንድ ትልቅ ሾላ አለ» አሉን። በማን ግቢ እንዳለ ግን አልነገሩንም።